እየበላች የምትከሳ ድመት፦ «አርጅታ ነው» ለሚለው ፍርድ ምላሽ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች አንዲት አሮጊት ድመት እየበላች ስትከሳ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው። የቤቱ ሰው «አርጅታ ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ወስፋት ይዟታል» ይላል። የታይሮይድ ዕጢ ችግር ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ ደግሞ ሦስት መልስ ይጠብቀዋል። አንደኛ፣ እንቅርት ቢሆን ኖሮ አንገቷ ላይ ይታይ ነበር። ሁለተኛ፣ ይህ የታሸገ ምግብ የሚበሉ የውጭ አገር ድመቶች በሽታ ነው። ሦስተኛ፣ የእኛ አገር ችግር የአዮዲን እጥረት ነውና አዮዲን ያለው ጨው ከተገኘ ነገሩ አብቅቷል።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ አመለካከት የተሰጠ ምላሽ ነው። አመለካከቱ መሠረት የለውም አልልም፤ እያንዳንዱ ክፍል እውነት የሆነ መነሻ አለው። የምሟገተው ከዚያ መነሻ ተነሥቶ የተደረሰበት መደምደሚያ ትክክል ስላልሆነ፣ ልትታከም የምትችል እንስሳንም ያለ ሕክምና ስለሚያስቀር ነው። የምለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከስምንት ዓመት በላይ የሆናት ድመት የምግብ ፍላጎቷ ሳይቀንስ፣ እንዲያውም እየጨመረ፣ ክብደቷ ከቀነሰ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የታይሮይድ ዕጢዋ ሊጠረጠር ይገባል። ለመጠርጠር ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሚዛንና ጣት ይበቃል።

በሽታው ምንድን ነው?

ታይሮይድ ዕጢ በድመት አንገት ውስጥ፣ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ፣ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተቀመጠ ጥንድ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነት ምግብን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያቃጥል ይወስናል። በወጣትነት ዕጢው ከአንጎል ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ እየተቀበለ፣ ሲበቃው እያቆመ ይሠራል። በአንዳንድ ድመቶች ግን ዕድሜ ሲገፋ በዕጢው ውስጥ ትእዛዝ የማይሰሙ እባጮች ያድጋሉ፤ ሆርሞኑንም ያለ ገደብ ያፈስሳሉ። ያን ጊዜ የሚበላው ሁሉ ተቃጥሎ ያልቃል። ስቡ ካለቀ በኋላ ሰውነቱ ወደ ጡንቻው ይዞራል፤ ልብም ያለ ዕረፍት ይሮጣል።

በሽታው በድመት ላይ በግልጽ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ኒው ዮርክ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ማዕከል ይሠሩ በነበሩት በማርክ ፒተርሰንና በባልደረቦቻቸው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከቦስተን ተመሳሳይ ዘገባ ወጣ። ዛሬ በአሜሪካና በብሪታንያ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆናቸው ድመቶች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይያዛል። ብዙዎቹ በሽታው የሚታወቅባቸው በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከስምንት ዓመት በታች ያለች ድመት ላይ ብርቅ ነው። «ዕጢ» ሲባል ካንሰር መስሎት ተስፋ የሚቆርጥ አለና ይህም ይታወቅ፦ ካንሰር የሚሆነው ከመቶ ሦስት እንኳ በማይሞሉት ነው። የቀሩት እባጮች ወደ ሌላ አካል አይዛመቱም።

እርጅና እና ወስፋት

«አርጅታ ነው» የሚለው ፍርድ መነሻው እውነት ነው። በዕድሜ የገፋች ድመት ፕሮቲንና ስብ የመፍጨት አቅሟ ይቀንሳል፤ ጀርባዋ ይሳሳል። ነገር ግን እርጅና የራሱ መልክ አለው። ያረጀች ድመት ብዙ ትተኛለች፣ መዝለል ትቀንሳለች፣ ምድጃ ዳር ትውላለች፣ ምግቧንም ቀስ ብላ ትበላለች። የታይሮይድ ሆርሞኗ የበዛባት ድመት የምታደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አስቀድማ ትታው ታልፍ የነበረውን የእንጀራ ፍርፋሪ ትለቅማለች፣ የድስት ክዳን ትገለብጣለች፣ ከሕፃን እጅ ትነጥቃለች። ሌሊት ትነሣለች፣ ከክፍል ክፍል ትመላለሳለች፣ ረዥም ድምፅ እያወጣች ትጮኻለች። ውኃ ታበዛለች፤ ሽንቷም ይበዛል፤ ለዓመታት ውጭ ስትወጣ የኖረችው ቤት ውስጥ ትሸናለች። ታስመልሳለች፣ ሆዷ ይላላል። ራሷን መላስ ትተዋለችና ፀጉሯ ይጎፈርራል፤ ጀርባዋ ላይ ይቋጠራል። ሙቀት ስለማትችል ከምድጃው ሸሽታ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ትዘረጋለች።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ፍርድ ከስሕተትነት አልፎ በደል የሚሆነው። የበሽታው ምልክቶች የጠባይ ብልሽት መስለው ይታያሉ። ድመቷ «ሌባ ሆነች» ትባላለች፤ ትመታለች። የሌሊት ጩኸቷን እንደ ክፉ ምልክት የሚቆጥር ሰውም አይጠፋም። ዕድሜዋን ሙሉ የበቆሎ ጎተራ ከአይጥ ስትጠብቅ የኖረች እንስሳ፣ በቆሎ ዋነኛ ሀብቱ በሆነው በቡሬና በጃቢ ጠሕናን አገር፣ ታመመች ተብሎ ሳይሆን ባለገች ተብሎ ከቤት ትጣላለች። ረኀቧ ግን ከጠባይ የመጣ አይደለም፤ የሚቃጠለውን ለመተካት ሰውነቷ የሚያሰማው እውነተኛ ጥሪ ነው።

የወስፋቱም ሐሳብ መነሻ አለው። አይጥ የምታድን ድመት ከአይጡ ጉበት የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዓይነት ይይዛታል፤ ከቁንጫም ሌላ ዓይነት ታገኛለች። ስለዚህ የትል መድኃኒት በመስጠት መጀመር ትክክል ነው። የማልስማማው እዚያው ላይ በመቆሙ ነው። አዋቂ ድመት ላይ ትል ብቻውን ይህን ያህል መክሳት የሚያመጣው ጥቂት ጊዜ ነው። መድኃኒቱ በክብደቷ ልክ ተሰጥቶ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደቷ ካልተመለሰ፣ ትል ነው የሚለው ግምት ተፈትኖ ወድቋል ማለት ነው። መድኃኒቱን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ እየደጋገሙ መስጠት ከዚያ በኋላ ሕክምና አይባልም፤ ጊዜ ማባከን ነው።

ይህን ስል እየበላች የከሳች ድመት ሁሉ የታይሮይድ በሽተኛ ናት ማለቴ አይደለም። የስኳር በሽታም እያስበላ፣ እያስጠጣ፣ እያሸና ያከሳል። የአንጀት ዕጢም እንዲሁ። የኩላሊት ድካም ውኃ ያስጠጣል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ምግብ ያስጠላል። የጥርስ ሕመም ያለባት ምግቡ ዘንድ ሄዳ፣ ቀምሳ፣ ትታው ትመለሳለች። ከመቶ አሥር ያህሉ የታይሮይድ ሕሙማን ደግሞ ከተለመደው መልክ ወጥተው ይደክማሉ፤ ምግብም ይተዋሉ። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። «አርጅታ ነው» የሚለው ፍርድ ግን ይህን የመለየት ሥራ ሳይጀመር ይዘጋዋል።

አንገቷ ላይ አይታይም

ከሦስቱ መልሶች የመጀመሪያው በጎጃም ደጋና ወይናደጋ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ያደገው እንቅርትን እያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 40 ከመቶ ገደማ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸው ላይ የተሸከሙት እብጠት የዕጢውን በሽታ ሁሉ መለኪያ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ «ካልታየ የለም» ማለት ግን ስሕተት ነው።

በድመት የዕጢው ማበጥ በዓይን የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያድገው እባጭ ትንሽ ነው፤ ከምስር ፍሬ እስከ ባቄላ ቢሆን ነው፤ ፀጉሩም ይሸፍነዋል። በተጨማሪ የድመት ዕጢ ከአየር ቧንቧው ጋር በላላ ሁኔታ የተያያዘ ስለሆነ ሲከብድ ወደ ደረት ይወርዳል። ስለዚህ እብጠቱን ከማንቁርቱ አጠገብ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

በዓይን የማይገኘው ግን ብዙውን ጊዜ በጣት ይገኛል። ድመቷን ጠረጴዛ ላይ ወይም ጭን ላይ ፊቷን ወደ ፊት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። በአንድ እጅ አገጯን በቀስታ ቀና ማድረግ፤ በሌላው እጅ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ ማሳረፍ፤ ከማንቁርቱ ጀምሮ ወደ ታች፣ ደረቷ እስከሚጀምርበት ጎድጓዳ ድረስ ማንሸራተት። መጫን አያስፈልግም። ጤናማ ዕጢ አይዳሰስም። ያበጠ ከሆነ ከጣት ሥር አንድ ነገር ብቅ ብሎ ሸርተት ይላል፤ ያን ጊዜ እጅን መልሶ እንደገና ማለፍና ማረጋገጥ ነው። የለመደ እጅ ከታመሙት ድመቶች አብዛኞቹ ላይ ያገኘዋል። ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለ። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ወደ ደረት የገባ እባጭ አይዳሰስምና። ተገኘ ማለትም በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ አብጦ ሆርሞን የማያበዛ ዕጢም አለ።

ከጣት ይልቅ የማይዋሸው ሚዛን ነው። አንድ ባዶ ካርቶን በሱቅ ዲጂታል ሚዛን መመዘን፤ ድመቷን ጨምሮ መመዘን፤ የካርቶኑን መቀነስ። ይህን በየወሩ አድርጎ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ሦስት ተኩል የወረደች ድመት የጠፋባት ግማሽ ኪሎ ብቻ ይመስላል፤ ሰባ ኪሎ በሚመዝን ሰው ቢሰላ ግን ወደ ዘጠኝ ኪሎ ማለት ነው። በየቀኑ የሚያያት ሰው ይህን አያስተውልም፤ ደብተሩ ግን ይናገራል። የልብ ምቷም ይቆጠር፦ ተረጋግታ ስትተኛ ከግራ ክርኗ ኋላ ደረቷ ላይ ጣት አሳርፎ ለአሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት። በተደጋጋሚ ከ200 በላይ ከሆነ ያሳስባል። ድንገት የታወረች፣ ዓይኗ ፈጦ ብሌኗ በብርሃን የማይጠብብ ድመት ደግሞ አስቸኳይ ናት፤ የደም ግፊቷ ጨምሮ የዓይኗን የውስጥ ሽፋን ነቅሎት ሊሆን ይችላል።

«የውጭ ድመቶች በሽታ» ነውን?

ሁለተኛው መልስ ጠንካራ ጎን አለው። የታሸገ ምግብ በብዛት የበሉ ድመቶች በበሽታው ይበልጥ እንደሚያዙ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። የእኛ ድመት ደግሞ የምትበላው አይጥ፣ ወተት፣ በወጥ የራሰ እንጀራና የሥጋ ፍርፋሪ ነው። የገጠር ድመትም ብዙ ጊዜ ዐሥር ዓመት አትደርስም፤ አይጥ የገደለ መርዝ እርሷንም ይገድላል፣ ውሻ ይነክሳታል። እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ነገር ግን የታሸገ ምግብ አደጋውን ይጨምራል ማለት፣ እርሱ ከሌለ በሽታው አይኖርም ማለት አይደለም። ቁርጥ ያለ አንድ መንሥኤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከተጠረጠሩት መካከል ከስፖንጅ ዕቃና ከኤሌክትሮኒክስ ጋር በአቧራ የሚወጡ እሳት ተከላካይ ኬሚካሎች አሉ፤ ድመት ፀጉሯን ስትልስ አቧራውን ትውጠዋለች። ስፖንጅ ሶፋና ቴሌቪዥን ዛሬ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ቤት አለ። በሽታው የአየር ንብረትና የአኗኗር ድንበር እንደማያግደውም ታይቷል። በሆንግ ኮንግ በዕድሜ ከገፉ ድመቶች ከመቶ አራት ገደማ፣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ከመቶ ሰባት ገደማ ተገኝቶባቸዋል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በተፈለገባቸው ብዙ ቦታዎች ግን ተገኝቷል። አሜሪካም ብትሆን እስከ 1979 ድረስ «የለንም» ማለት ትችል ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽታው በእውነት ጨምሯል፤ መኖሩም መጨመሩም ግን የታወቀው ሐኪሞች የአሮጊት ድመትን አንገት መዳሰስና ደሟን መለካት ሲጀምሩ ነው።

በእኛ ዘንድ ያልተፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀኑን የሚውለው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግ፣ ለአህያና ለዶሮ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ የቤተ ሰብ ኑሮ የሚቆመው በእነርሱ ላይ ነውና። ድመት ወደ ክሊኒክ ከመጣች የምትመጣው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ያልተመዘነ ነገር አለመገኘቱ አያስደንቅም፤ አለመኖሩን ግን አያስረዳም።

ጨው መድኃኒት አይደለም

ሦስተኛው መልስ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎችን ያደባልቃል። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው የሚያብጠው ሆርሞን ለመሥራት ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሲታገል ነው፤ ያበጠው ዕጢ የሚሰጠው ሆርሞን ትንሽ ነው። ይህ በድመትም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1961 በብሪታንያ የታተመ ምርምር ሥጋ ብቻ የተመገቡ ድመቶች ከካልሲየም ጋር አዮዲንም እንደሚያጡ አሳይቷል። አይጥን ሙሉ በሙሉ የምትበላ ድመት ግን የአይጡን ዕጢ ጨምራ ስለምትበላ ከአዮዲኑ ድርሻዋን ታገኛለች። የአሮጊቷ ድመት በሽታ የተለየ ነው፦ ሆርሞኑ አልጎደለም፣ ሞልቶ ፈስሷል። ለእርሷ ጨው መጨመር ሕመሙን አያቆምም፤ የጨው ብዛት የደከመ ልብና ኩላሊትን ይጎዳል።

እንዲያውም የአዮዲን ታሪካችን ከሚባለው በተቃራኒ አቅጣጫ ሊያስጠረጥረን ይገባል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016 ጥናት ግን 89 ከመቶ ደረሰ። ይህ ለሕፃናት አእምሮ ታላቅ ድል ነው፤ ማንም ወደ ኋላ እንዲመለስ አይመኝም። በሰው ሕክምና ግን ለረዥም ጊዜ አዮዲን ባጣ አገር አዮዲን በፍጥነት ሲገባ፣ በእባጭ እንቅርት የኖሩ ሽማግሌዎች ላይ የሆርሞን መብዛት ለጥቂት ዓመታት እንደሚጨምር ይታወቃል፤ በ1960ዎቹ በታዝማኒያ፣ በ1990ዎቹ በዚምባብዌ ታይቷል። ከዚያው ድስት የተረፈውን የበላች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ የተወለደች ድመት አሁን በሽታው ወደሚጀምርበት ዕድሜ ተጠግታለች። ይህ በድመት ላይ ማስረጃ ነው አልልም፤ ለመመርመር ግን በቂ ምክንያት ነው። አመለካከቱ ጥያቄውን የዘጋበት አዮዲን፣ በትክክል ሲታይ ጥያቄውን የሚከፍት ነው።

ከጥርጣሬ ወደ ሕክምና

ጥርጣሬው የሚረጋገጠው በደም ውስጥ ያለውን ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን በመለካት ነው። ይህ ሆርሞን በሰውና በድመት አንድ ዓይነት ስለሆነ ምርመራው ከሰው ላቦራቶሪ ዕውቀት ውጭ አይደለም፤ ውጤቱ ግን የሚነበበው በድመት መለኪያ እንጂ በሰው አይደለም። ዕጢውን የሚያዘው የፒቱታሪ ሆርሞን ግን ከዝርያ ዝርያ ስለሚለይ የሰው ምርመራ ለድመት አይረባም። ከዚሁ ጋር ኩላሊቷ መታየት አለበት። የበዛው ሆርሞን ደምን በኩላሊት ውስጥ በኃይል ስለሚያሳልፍ የደከመ ኩላሊትን ይሸፍነዋል፤ ሆርሞኑ በመድኃኒት ሲወርድ የተሸፈነው ይገለጣል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው በእነዚህ ድመቶች ቃል በቃል ይደርሳል፤ ሕክምናውም በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ፣ ደም እየታየ የሚስተካከለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው። ሐኪም በሜቲማዞል የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ1.25 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ ይቀጥላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማስመለስ፣ ፊቷን እስክትቧጥጥ የሚያደርስ ማሳከክ፣ የደም ሴሎች መቀነስ ሊያመጣ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣትም ይቻላል። ከሁሉ የበለጠው በጨረር የሚሠራው የአዮዲን ሕክምና ነው፤ በአንድ መርፌ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያህል ይፈውሳል፤ ነገር ግን ልዩ ማቆያ ክፍል ያለው ማዕከል ይጠይቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ለሰው የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት የሚሰጠው ፕሮፒልታዮራሲል ለድመት አይሰጥ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በድመቶች ላይ ተሞክሮ የራሳቸውን ደም እንዲያጠፉ በማድረጉ የተተወ መድኃኒት ነው። ከቤተ ሰብ መድኃኒት ቆርሶ መስጠት ከበሽታው የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ሕክምናው ለሁሉም ቤት እንደማይደርስ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ራሱ ፋይዳ አለው፦ የምትሰርቀው ታማ እንደሆነ የተረዳ ቤት አይመታትም፣ ከደጅ አይጥላትም፣ ምግብና ውኃ ይጨምርላታል፣ የሌሊት ጩኸቷን ይታገሣታል።

የተለመደውን አመለካከት ለሚይዙ የማቀርበው ጥያቄ ስለዚህ ቀላልና የሚፈተን ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ድመቶች በሚሰበሰቡበት ቀን ከስምንት ዓመት በላይ የሆኑት ይመዘኑ፤ አንገታቸው ይዳሰስ፤ ክብደታቸው ይመዝገብ፤ በቀጣዩ ዓመት ይደገም። የከሱትን ደም መመርመር ለባሕር ዳርና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አንድ የመመረቂያ ጥናት የሚሞላ ሥራ ነው። ውጤቱ በሽታው እዚህ ብርቅ መሆኑን ካሳየ፣ የእነርሱ አመለካከት በማስረጃ ይቆማል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። እስከዚያ ድረስ እየበላች የምትከሳን ድመት «አርጅታ ነው» ብሎ ማለፍ ምርመራ የሌለው ፍርድ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ፈራጁ ሳይሆን ድመቷ ናት።